ጋሽ መኮንን ያልቀመሱት ጠላ

ጋሽ መኮንን ሞቱ የሚለው ወሬ ቢሮአችን ሲደርስ፣ ደረጄ ከወንበሩ ሳይነሳ «ማስረጃ አቅርበዋል?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሙት ወቃሽ አትበሉኝ። «ማስረጃ አቅርበዋል?» የራሳቸው የጋሽ መኮንን ቃል ነበር። እናቷን ቀብራ ወደ ሥራ የተመለሰችውን የጽዳት ሠራተኛችንን ሳይቀር እንዲህ ብለው ጠይቀዋታል፤ አለቃዋ እንኳ አልነበሩም። ሴትዮዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ትክ ብላ አየቻቸው፤ እሳቸውም መልሱን ጠበቁ። የምር ነበር የጠየቋት።

«ልቅሶው የት ነው?» አልኩ።

«እትዬ አስካለ ፔንሲዮን» አለ ደረጄ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አዲስ የተቀጠሩት ለምን ዝም እንዳልን አልገባቸውም፤ እኛ የቆየነው ግን ገብቶናል። ያንን ፔንሲዮን ያሸጉት ጋሽ መኮንን ናቸው። በዚያ ቤት ላይ ያደረጉትን የለቡ ሰው ዛሬም ያወራዋል። ኖረው ኖረው እዚያው ቤት አልጋ ይዘው ሞቱ ማለት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ድንገት ሥራ በዛባቸው። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ።

ከጋሽ መኮንን ጋር ለብዙ ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። የቢሮውን ስም መጥራት አያስፈልገኝም፤ የንግድ ፈቃድ የሚሰጥ የመንግሥት ቢሮ ነው። የእኛ ክፍል ሥራ ትንንሽ ፔንሲዮኖችን ማየት ነበር። አንድ አልጋ ቤት ለሚያድርበት እንግዳ መጠጥ ላቅርብ ብሎ ሲያመለክት፣ ሁለት ሰው ሄዶ ቤቱን ያያል፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ይሰጠው ወይም አይሰጠው ብሎ ይጽፋል። ከሁለቱ አንዱ እሳቸው፣ ሌላዋ እኔ ነበርኩ። መጻፍ ግን የእሳቸው ድርሻ ነው። የእኔ ድርሻ ከጎናቸው መቆምና የባለቤቶቹን ፊት ማየት ነበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋም ክረምትም ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። አንድ ፔንሲዮን ሲገቡ ጎንበስ ብለው ባለቤቱን እጅ ይነሳሉ፤ ከዚያ «እባክዎ አንድ ክፍል ያስከፍቱልኝ» ይላሉ። ክፍሉ ሲከፈት ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ አልጋው ላይ በጀርባቸው ይጋደማሉ፤ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንደ አስከሬን አጣምረው ጣሪያውን ያያሉ። ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ያየኋቸው ለት አመማቸው ብዬ ደንግጬ ነበር።

«እንግዳ ከምንም በላይ የሚያየው ጣሪያ ነው» ይሉኛል ከወጣን በኋላ። «ጣሪያው የሚያፈስበት ቤት ብርጭቆውም አይታጠብም።»

ደግሞ እውነታቸውን ነው። ከአልጋው ተነስተው ወደ ወጥ ቤት ይሄዱና ከመደርደሪያው ብርጭቆ አንስተው አፍንጫቸውን ከተው ያሸታሉ። ከሚመረምሩት ቤት እህልም ውሃም አይቀምሱም። የሚጠጡትን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። አንዴ በጠራራ ፀሐይ ከላፍቶ ስንወርድ አንዲት ሴትዮ ሻይ አቀረበችልን፤ እኔ እጄን ስሰድ በጃንጥላው ጫፍ እጄን መለሱት። «ውሃቸውን ከጠጣሁ ምላሴ የነሱ ሆነ ማለት ነው፤ ያንቺም እንደዚያው» አሉኝ። ምራቄን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ጉቦ የሚባል ነገር ደግሞ በአጠገባቸው አያልፍም። አንድ የሆቴል ባለቤት ለፋሲካ ሙክት ላከላቸው። ጋሽ መኮንን ሙክቱን የቢሮው በር ላይ አሰሩት። በግ መቼም ብቻውን ሲታሰር አመሉ ነው፣ ሲጮህ ዋለ። ባለጉዳዩ ሁሉ በገባ በወጣ ቁጥር «የማን ነው?» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ የላከውን ሰውዬ ስም ከነአባቱ ይናገራሉ። ሰውዬው ማታ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ በጉን ወሰደ። እኛ ለፋሲካ ያወራነው ስለዚያ በግ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ደግ ሰው ይመስሏችኋል። ጉቦ የማይበላ ሰው ደግ ይመስለናል፤ ስላልለመድነው ነው። ጋሽ መኮንን ግን ጉቦ የማይበሉትን ያህል ሰው አይምሩም ነበር። የሚስታቸው እህት ባሏ የተዋት፣ ነፋስ ስልክ ጓዳዋ ውስጥ አረቄ ቸርችራ የምታድር ሴት ነበረች። እሷንም አሸጓት። ያውም ምሳ በልተው፣ እህትማማቾቹን ቤታቸው ተቀምጠው ሲጫወቱ ትተው ሄደው ነው ያሸጉት። ሚስታቸው በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ልጅም አልነበራቸውም። በነጋታው ቢሮ ገብተው እንደ ወትሮው ጃንጥላቸውን ሰቀሉ። ደረጄ «ጋሼ፣ ምናለ ቢያልፏት?» ቢላቸው፣ ኋላ ሁላችንም በቃላችን የያዝነውን ነገር ተናገሩ፦

«ርኅራኄ የእኔ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀቱን ነበሩ።

የእትዬ አስካለ ፔንሲዮን ከለቡ መብራት ኃይል ከፍ ብሎ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እሱ ሲሞት የቀራትን ግቢ ፔንሲዮን አደረገችው፤ ታች መቀበያ፣ ላይ ጥቂት ክፍሎች። የሚያርፉባት የባሏ ወዳጅ ሾፌሮች፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጡ ሰዎች፣ እህል ሻጮች ናቸው። ሰዎቹ ሲመሽ አንድ አንድ ቢራ ይፈልጋሉ። እሷ መሸጥ አትችልም። ስለዚህ መንገድ ተሻግረው ባር ያለው ሆቴል ይገባሉ፤ አንድ ሁለቴ ከተሻገሩ በኋላ አልጋቸውንም እዚያው ይይዛሉ። እትዬ አስካለ በዓይኗ እያየች ቤቷ ባዶ ሆነ። አንድ ልጅ ነበረቻት፣ ትዕግሥት የምትባል፣ ኮሌጅ የምትማር። የልጅቷ ትምህርት የቆመው በዚያ ቤት ላይ ነበር። ፈቃዱ ከተገኘ ቤቱ ይተርፋል፤ ቤቱ ከተረፈ ልጅቷ ትጨርሳለች። ይህንን ለእኔም ለጋሽ መኮንንም ግልጽ አድርጋ ነግራናለች፤ ምንም አልደበቀችንም።

መጀመሪያ የሄድን ለት ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ብርጭቆው ተደርድሮ፣ ማቀዝቀዣው ባዶውን ተሰክቶ ጠበቀን። ጋሽ መኮንን አልጋው ላይ ተጋደሙ። ቆዩ። ተነስተው ጫማቸውን እያሰሩ «ጣሪያው ደረቅ ነው» አሉ። ይህ ከእሳቸው አፍ የሚወጣ ትልቁ ምስጋና ነው። ብርጭቆዎቹንም አሽትተው መለሱ። በታክሲ ስንመለስ «ጎረቤት እንጠይቅና ይሰጣታል» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ የምሥራቹን ቀድሜ ልነግራት ሁሉ አሰብኩ።

ጎረቤቷ አቶ ጴጥሮስ ይባላሉ፤ ከወላይታ የመጡ አናጢ፣ ጴንጤ ናቸው። ከነቤተሰባቸው መጠጥ የሚባል አይነኩም። እነዚህ ናቸው የሚቃወሟት ብዬ ፈርቼ ነበር። አቶ ጴጥሮስ ግን በር ላይ ቆመው «እኛ አንጠጣም። እትዬ አስካለ ግን ጥሩ ጎረቤታችን ናት። ፈቃድ ብታገኝ አንቃወምም» አሉ። ጋሽ መኮንን ይህንን ጽፈው እስክሪብቶአቸውን ከደኑ። ልንሄድ ስንል ቆም አሉና እንደገና ከፈቱት።

«እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ነዎት፤ አይዋሹኝም» አሉ። «እዚያ ቤት አልጋ የያዙ እንግዶች ሲጠጡ አይተው ያውቃሉ?»

አቶ ጴጥሮስ የበሩን መቃን ያዙ። ሚስታቸው ከጓሮ «አንተ ሰውዬ፣ ና ወደዚህ» ስትል ሰማሁ። እሳቸው ግን ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ላብ ሲያጠምቃቸው ይታየኛል።

«በገብርኤል ቀን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ጠላ ነው። ዝክሯ ነው። ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ነው የምትሰጠው። አትሸጠውም። ለእኛም ዳቦና ቆሎ ትልክልናለች።»

«አመሰግናለሁ» አሉ ጋሽ መኮንን፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ዋሽቶ የማያውቅን ሰው እንደዚያ ማሰቃየት እስከ ዛሬ አላየሁም።

ታኅሣሥ ገብርኤል እስኪደርስ ፋይሉን ጠረጴዛቸው ላይ አቆዩት። በዕለቱ «ተነሺ» አሉኝ። የት እንደምንሄድ ጠርጥሬአለሁ።

ግቢው ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቄሱ ባርከው ሄደዋል። ጎረቤቶች፣ ሁለት ሾፌሮች፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ ሽማግሌ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ትዕግሥት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ትቀዳለች። እትዬ አስካለ እኛን ስታይ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«የገብርኤል ያለህ፣ በዕለቱ አመጣልኝ» አለች። ፈቃዱን ይዘን የመጣን መስሏታል። ከልጇ እጅ ብርጭቆውን ተቀብላ ራሷ ቀድታ ለጋሽ መኮንን ዘረጋች።

ጋሽ መኮንን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «ዓመት ዓመት ያድርስዎት» አሉ።

«አሜን፣ አሜን።»

ከዚያ ብርጭቆውን እንደያዙ ወደ ሽማግሌው ዞር አሉ። «አባቴ፣ እርስዎ የት ነው የሚያድሩት?»

«እዚሁ ላይ ነው ልጄ፤ ለዓይኔ መጥቼ» አሉ ሽማግሌው።

«የሚጠጡት ጠላ ነው?»

«የመልአኩ ነው እንጂ።»

ጋሽ መኮንን ብርጭቆውን ለእኔ ሰጡኝ። የፕላስቲክ ጠርሙሳቸውን አውጥተው ውሃውን አጥሩ ሥር ደፉ። ብርጭቆውን መልሰው ተቀብለው የዝክሩን ጠላ ጠርሙሱ ውስጥ በቀስታ፣ ጠብታ ሳያፈሱ ገለበጡት። ክዳኑን አጠበቁ። «ለናሙና ነው» አሉ። ሰዉ ሁሉ ማላመጡን አቆመ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ያለ ፈቃድ ለእንግዳ የአልኮል መጠጥ አቅርበዋል። ቤቱ ይታሸጋል።»

እትዬ አስካለ መጀመሪያ አልገባትም። «ዝክር እኮ ነው ጋሽ መኮንን» አለች። «ቤቴ ያደረን ሰው ጽዋ አልሰጥህም ልበለው? ላይ ተኝቶ እየሸተተው?»

«ለዘመድ ቢሆን ዝክር ነው። አልጋ ለያዘ ሰው ከሆነ አገልግሎት ነው።»

እግራቸው ላይ ወደቀች። አልገፈተሯትም፤ ይህንን ልመስክርላቸው። እግራቸውን ብቻ አንድ በአንድ ከእጇ አወጡ። «ልጄን የማስተምረው በዚህ ነው» ትላለች። ትዕግሥት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማለች።

«ርኅራኄ የእግዚአብሔር ነው» አሉ ጋሽ መኮንን። «ዛሬ ደግሞ መልአኩ እዚሁ ቤትዎ ነው። እሱን ይለምኑት። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

በሩ ታሸገ። ዓይናቸው የታሰረው ሽማግሌ መንገድ ዳር ጓዛቸው ላይ ተቀምጠው «ምን አጥፍቼ ነው?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃሉ። ያ ጠርሙስ ቢሮአችን መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ጠላው ውስጥ ውስጡን ሲፈላ ከርሞ አንድ ቀን ክዳኑን አስፈንጥሮ ፈነዳ፤ ፋይሉንም ግድግዳውንም አለበሰው። ሽታው ከክፍሉ አልወጣ አለ። ጋሽ መኮንን ግድግዳውን በጨርቅ ከጠረጉ በኋላ ናሙናው የባከነበትን ምክንያት ጽፈው ፋይሉ ላይ አያያዙ።

አቶ ጴጥሮስ እትዬ አስካለ ፊት ተንበርክከው ይቅርታ ጠይቀዋል። «እውነት ተናገርክ እንጂ ምን አጠፋህ?» ብላ አነሳቻቸው። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሷ ግቢ የሚበላሽ በርም ወንበርም በነፃ ይጠግናሉ፤ ቀና ብለው ግን አያዩዋትም። ማሸጊያው ከብዙ ወራት በኋላ ተነሳ። በሩ ሲከፈት ትዕግሥት አልነበረችም። ትምህርቷን አቋርጣ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዳ ነበር። ስትደውል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው የምትደውለው። ከዚያ ስልኩ እየራቀ ሄደ። አሁን መደወል አቁማለች። የት እንዳለች የሚያውቅ የለም።

ጋሽ መኮንን ጡረታ ሲወጡ የሽኝት ኬክ ተቆርጦላቸው ነበር፤ ከኬኩ አልበሉም። ተከራይተው የሚኖሩበት ቤት ሲሸጥ ከነጃንጥላቸው ከነሻንጣቸው አልጋ ፍለጋ ወጡ። ላፍቶን አዳረሱ፤ ለቡን አዳረሱ። የየፔንሲዮኑ ባለቤት ገና ከሩቅ ሲያያቸው «አልጋ ሞልቷል» ይላል። ባዶ ክፍሎች በራቸው ተከፍቶ እየታዩ «ሞልቷል» ተባሉ። እሳቸውም አልተከራከሩም። ሲመሻሽ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆሙ። እሷ ናት የነገረችኝ። ረጅም ጊዜ አየቻቸውና «ይግቡ» አለቻቸው። ላይ ጥግ ያለችውን ክፍል ሰጠቻቸው፤ የትዕግሥት የነበረችውን።

ይህንን ስሰማ አለቀስኩ። የገብርኤል ሰው እንዲህ ነው፣ ክፉን በደግ መለሰች ብዬ ለሁሉ አወራሁ። ምንም አልገባኝም ነበር።

ልጠይቃቸው ስሄድ እግራቸው አብጦ ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ከርመዋል። ታች መቀበያው ውስጥ ሁለት ሾፌሮች ምሳቸውን በቢራ ይበላሉ። እትዬ አስካለ ፈቃዱን ካወጣች ዓመት አልፏታል፤ የቢሮአችን አዲሶቹ ልጆች መጥተው በሩን አይተው ፈርመው ሄዱ። ፈቃዱ መስታወት ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ደረጃውን ወጣሁ። ጋሽ መኮንን በጀርባቸው ተኝተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ጣሪያውን ያያሉ። ከግርጌያቸው ግድግዳ ላይ የትዕግሥት ፎቶ አለ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትጨርስ ጋዋን ለብሳ የተነሳችው። ከአልጋው ላይ ቀና ያለ ሰው ሌላ የሚያየው ነገር የለም።

«ጣሪያው አሁንም ደረቅ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ እንድል በጣታቸው ጠሩኝ። «ታች ቆርኪ ሲከፈት ይሰማኛል። ቢራ ነው። ፈቃድ የላትም። ሄደሽ ለቢሮ ተናገሪ።»

የምታጎርሳቸው እሷ ናት። የምታጥባቸው እሷ ናት።

«ፈቃድ አላት ጋሼ» አልኩ። «ካወጣች ቆይታለች።»

«ማን ሰጣት?»

«ቢሮው ነዋ።»

«ታኅሣሥ ገብርኤል ለት ጠላው እዚህ ድረስ ሸተተኝ» አሉ። «አሁን መርማሪ አይደለሁም፤ እንግዳ ነኝ። አንድ ብርጭቆ ይስጡኝ አልኳት። ፈቃድ የለኝም፣ ለእንግዳ መስጠት አልችልም አለችኝ። ልክ ነዎት አልኳት።» ጣሪያውን አዩ። «ታዲያ ለምን ከለከለችኝ?»

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ያንን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ መስማት ሆዴን ቂቤ አጠጣው። «እሷን ይጠይቋት» ብዬ ወጣሁ።

ታች እትዬ አስካለን ለምን እንደከለከለቻቸው ጠየቅኋት። ብርጭቆ እየወለወለች ነበር።

«ግርጌያቸው የተሰቀለችውን ልጅ ማን ናት ብለው እንዲጠይቁኝ ነው የምጠብቀው» አለች። «ይቅርታ ይበሉኝ አልልም። አላለቅስባቸውም። ይቺ ልጅ ማን ናት፣ የት ነው ያለችው ብቻ ይበሉኝ። የጠየቁኝ ቀን ጋኑን ራሱን ተሸክሜ አወጣላቸዋለሁ። ለዚህ ነው እዚያ ክፍል ያስተኛኋቸው።»

«ባይጠይቁስ?»

«እንግዲያው ያሽትቱት።»

ልቅሶው ላይ የደረስኩት በሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ተጥሏል፤ አቶ ጴጥሮስና ልጆቻቸው ወንበር ያመላልሳሉ። ልቅሶ ደራሹ ጥቂት ነው፤ የሚያለቅስ የለም። እትዬ አስካለ ከወሩ ገብርኤል የተረፈ ጠላ እየቀዳች ለሰው ትሰጣለች። ለእኔም ሰጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ጠማኝ ነበር፤ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት።

«ጠየቁሽ?» አልኳት።

ስትመልስልኝ አንቱታውን ትታዋለች።

«ደከመኝ» አለች። «የገብርኤል ለት፣ ይብቃኝ፣ ይጠጣና ይሂድ ብዬ ብርጭቆውን ይዤ ወጣሁ። አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩለት። ፈቃድ አለዎት ተብዬአለሁ አለኝ። አለኝ አልኩት። ያሳዩኝ አለኝ።»

«አሳየሻቸው?»

«ወርጄ ከግድግዳ አወረድኩት። ይዤለት ወጣሁ። መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙን ሳይቀር አነበበ። እኔ ግርጌው ቆሜአለሁ። ቀና ካለ አብረን እንድንታየው ፎቶዋን በነጠላዬ ጠረግሁት። ቀና አለልኝ።»

«እና?»

«እዚህ ላይ የተጻፈው የታሸገ ቢራና ለስላሳ ነው፤ ጠላ የለበትም አለኝ። ብርጭቆውን በጣቱ ወደኔ ገፋው። ደስ አለው፤ ፊቱ በራ። እጁን አጣምሮ ጣሪያውን ማየት ቀጠለ። ጠዋት ሳየው እንደዚያው ነበር።»

ከድንኳኑ በተከፈተው በር መቀበያው ይታያል። ተነስቼ ገባሁና ግድግዳው ላይ ያለውን ፈቃድ አነበብኩት። የታሸገ ቢራና ለስላሳ ይላል። ልክ ነበሩ። በሕይወታቸው ለመጨረሻ ጊዜም ልክ ነበሩ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «ጠላውንስ ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«የዝክር ጠላ ይደፋል እንዴ? ወደ ጋኑ መለስኩት» አለች።

በእጄ ያለውን ብርጭቆ አየሁ። እትዬ አስካለም አየችው፤ ማንቆርቆሪያውን አንስታ እስከ አፉ ሞላችው።

«ጠጪ» አለችኝ። «ልጄን ግን አልጠየቀኝም።»

ይህንን ስትል ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች፤ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ደረቷን እየደቃች ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሰዉ ደነገጠ፤ ለአንድ ጡረተኛ እንግዳዋ ይህን ያህል የምታዝን አልመሰለውም። አቶ ጴጥሮስ ተሸክመውት የነበረውን ወንበር አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ለማን እንደምታለቅስ ማስረጃ የሚጠይቃት ሰው አልነበረም።